የተበላ ቁልፍ

አፉላ፣ ከአሮጌው አውቶቡስ ጣቢያ ጀርባ፣
ጠባብ ናት ሱቄ፤ አንዱ ካልወጣ ሌላው አይገባ።
ሥራዬ ጥገና ነው፤ የጨዋታ ሣጥን፣ እጀታ፣ ገመድ፤
ዕድሜ አልጠይቅም፣ አልጠይቅም ዘመድ፣
ገልብጬ አያለሁ ብቻ፣ ጣት የሄደበትን መንገድ።

ካርቶኑ ላይ ፋብሪካው ጽፏል፦ «ከሰባት ዓመት በላይ»፣
«ከአሥራ ስምንት»፣ «ለሁሉም»። እኔ ግን እንደማይ
ዕድሜ የሚነበበው ከፕላስቲኩ ገላ ነው፣ ላብ ካጠቆረው ላይ።

ልጅ የሚጨርሰው የመዝለያውን ቁልፍ ነው፣ ያውም በወር።
ኤልያሻር ስምንት ዓመቱ፤ ጉድጓድ ሲያይ ከወንበር
ቀድሞ የሚዘለው ራሱ ነው። እጀታውን ብፈታው
ቸኮሌትና የባምባ ፍርፋሪ ነበር።

«የወንድሜ ነው» ትላለች ሩላ፣ ከእክሳል መጥታ።
የግራው ዱላ የተበላው በትንሽ አውራ ጣት ነው፣
ሂናው ገና ያልለቀቀ። ዝም ብዬ እሠራና
«ለወንድምሽ» እላለሁ፣ «ከኔ ሰላምታ።»

ጌናዲ፣ ጡረታ የወጣ የድልድይ መሐንዲስ፣
ሣጥኑ ግራጫ፣ ካሴቱ እፍ ካልተባለ የማይቀሰቀስ።
አዲሱን ላሳየው ስል «ይሄ ለሕፃን ነው» ይለኛል፤
የእሱ ጡብ መደርደር ነው፣ ክፍተት እስኪደፈን ድረስ።
«ግን ረድፉ ሲሞላ ለምን ይጠፋል?» ይላል ተቆጥቶ፣
«ድልድይ ስላለቀ ይፈርሳል? ማነው ይሄን የነደፈ ተማሪ?»
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግን እሱው ነው ደርዳሪ።

ወታደሩ የሚመጣው ሐሙስ ማታ ነው፣ ለሁለት ቀን ዕረፍት፣
ጫማው ላይ የሜዳ አቧራ እንዳለበት።
የተኩሱ ቁልፍ ነበር አልቆ የጠበቅሁት፤
ደህና ነው። ያለቀው የመኮትኮቻው ነው። ካሮት
ይተክላል። ዝናብ ይጠብቃል።
አልጠየቅሁት።

ያልጋነሽ ነርስ ናት፣ የሦስት ልጆች እናት፣
ጨዋታው የሚጀመረው ልጆቹ ሲተኙ።
የእሷ የተበላው «አቁም» የሚለው ነው፤ ምልክቱ ጠፍቷል።
«ኢማ፣ ውኃ!» «ኢማ፣ ጨለማው!» ቀጥሎ የሆስፒታሉ ስልክ።
አንድ ዘንዶ አፉን እንደከፈተ፣ ሰይፏ አየር ላይ እንዳለ፣
ቆሞ ይጠብቃታል፣ ይኸው ስንት ሌሊት።

ከአረጋውያን ክበብ ደግሞ አባ ጀንበሩ።
ቁልፍ አይነኩም፤ ቁልፋቸው አዲስ ነው፤
የሚበጠሰው የእጅ ማሰሪያው ነው፣ በየወሩ።
ጨዋታው ኳስ አንከባሎ ዘንግ መጣል ነው፤
እሳቸው ግን ከትከሻ በላይ አንሥተው፣ ቁልቁል!
ማሽኑ ነጥብ አይቆጥርም፤ የክበቡ ልጆች በሣቅ ተሰበሩ።
«አባቴ፣ እንዲህ አይደለም» ብዬ ክንዳቸውን ስይዝ ገባኝ፤
መዶሻ ነው። ወለቃ ሳሉ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ክንድ እዚህ
የሚመታው አጥቶ፣ ኪስ ውስጥ መኖሩ።

ማሰሪያውን በቆዳ ሰፋሁላቸው። ዱላውን መዘኑት፤
«ክብደት የለውም እኮ፣ ልጄ። ብረት ብትጨምርበት?»
ሁለት ቡሎን ጨመርኩበት።
በማግስቱ ስልክ ተደወለ፦
«ወደቁ!» አሉኝ፣ «አሥሩም፣ አሥሩ!»

እኔ የምጫወተው መሥራቱን ለማየት ያህል ነው።
የሁሉንም የመጀመሪያ ደረጃ አውቃለሁ፤
የመጀመሪያውን ጉድጓድ፣ የመጀመሪያውን ቡቃያ፣
ዘንዶው ገና እንቁላል ሳለ።
ከዚያ አጠፋለሁ፤ ቀሪው የባለቤቱ ነው።

ባለፈው ኤልያሻርን ጠየቅሁት፦ «ስታሸንፍ መጨረሻው ላይ ምን አለ?»
«ስም ነው» አለኝ። «የሠሩት ሰዎች ስም፤ ረጅም፤ ቀስ እያለ የሚወጣ።»
«ታነበዋለህ?»
«እኔማ እዘለዋለሁ!» አለ፣
አውራ ጣቱን ገና ባልጠገንኩት ቁልፍ ላይ እንዳኖረ።